ድርጅታችሁ ኤአይ መጠቀሙን ለደንበኛ በግልጽ መንገር፦ ለሀዋሳ ድርጅቶች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

«በዘመናዊ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የታገዘ ቀልጣፋ አገልግሎት!» የሚል ማስታወቂያ መለጠፍ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) መጠቀማችሁን ለደንበኛ መናገር አይደለም። ደንበኛው ከዚህ ጽሑፍ የሚያገኘው ነገር የለም። የብድር ማመልከቻውን ያየው ሰው ይሁን ማሽን አያውቅም። ማታ በቴሌግራም የመለሰለት ማን እንደሆነ አያውቅም። ቅር ቢለው ማንን እንደሚያናግርም አያውቅም።

ሌላው የተለመደ ስህተት ደግሞ ከውጭ ድርጅት ድረ ገጽ ላይ ረጅም የእንግሊዝኛ ፖሊሲ ቀድቶ የራስን ስም መተካት ነው። እሱንም የሚያነበው የለም። ሠራተኞቹ ራሳቸው ምን እንደሚል ስለማያውቁ፣ ሰው ሲጠይቃቸው ይደናገራሉ።

ይህ መመሪያ ለሆቴል፣ ለክሊኒክ፣ ለኮሌጅ፣ ለብድርና ቁጠባ ተቋም እና ለግብረ ሰናይ ድርጅት ይሆናል። ጽሑፉን የምታዘጋጁት ነገሩ ለሚነካው ሰው ነው። ለአለቃ ወይም ለታዛቢ የሚጻፍ ከሆነ ከመጀመሪያው ተበላሽቷል። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ሥሩ። ብዙ ሰው ደረጃ 1ን ዘሎ ወደ ደረጃ 3 ይሮጣል። የሚወድቀውም እዚያ ላይ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሦስት ነገር አዘጋጁ።

አንድ ተጠሪ ሰይሙ። ኮሚቴ አታቋቁሙ። ተጠሪው ኮምፒውተር የሚችል ልጅ መሆን የለበትም። የደንበኛ ቅሬታ የሚሰማ፣ ሥራ አስኪያጁ ጋር ቀጠሮ ሳይዝ የሚገባ ሰው ይሁን። አንድ መሣሪያ ችግር ሲፈጥር «ይቁም» ብሎ የማስቆም ሥልጣን በደብዳቤ ስጡት።

ሰው የሚያነሳው ስልክ ይኑራችሁ። በኋላ የምትጽፉት ጽሑፍ ሁሉ «ሰው ለማነጋገር እዚህ ይደውሉ» ስለሚል፣ የማይነሳ ስልክ ካስገባችሁ ከዝምታውም የባሰ ነው። ቁጥሩ የአንድ ሠራተኛ የግል ስልክ አይሁን። እሱ ሲለቅ ቁጥሩም አብሮት ይሄዳል።

ለደንበኞቻችሁ የምትናገሩባቸውን መንገዶች በሙሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። የቴሌግራም ቻናል፣ ፌስቡክ፣ አጭር መልእክት፣ መስኮት ላይ የሚለጠፍ ወረቀት፣ የማመልከቻ ፎርም፣ ስልክ፣ ባነር። ደረጃ 4 ላይ ትፈልጉታላችሁ።

ደረጃ 1፦ የምትጠቀሙበትን ሁሉ ዘርዝሩ

«ኤአይ ትጠቀማላችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ ሁልጊዜ «አይ» ነው። ሠራተኛው ሥራዬን በማሽን አሠራ ተብዬ እቀጣለሁ ብሎ ይፈራል። ወይም ስልኩ ላይ ያለው አፕ ኤአይ መሆኑን አያውቅም። ስለ ሥራው ጠይቁት፦

- ባለፈው ሳምንት የወጣውን ደብዳቤ በምን ጻፍከው?
- የቻናሉን ፎቶ ከየት አመጣሽው?
- ወደ እንግሊዝኛ ወይም ወደ ሲዳሙ አፎ ማን ተረጎመው?
- አመልካቾች ሲበዙ በምን ትለያቸዋለህ?
- ሌሊት የሚመጣ መልእክት ማን ይመልሳል?

ከመጠየቃችሁ በፊት ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሰብስቦ «በዚህ ጥያቄ የተነሳ ማንም አይቀጣም» ይበል። በቃል ብቻ ሳይሆን በማስታወቂያ ሰሌዳም ይለጠፍ።

ከውጭ የምታሠሩትንም አትርሱ። ፖስተር የሚሠራላችሁ ማተሚያ ቤት፣ የፌስቡክ ገጹን የሚይዝላችሁ ልጅ፣ ቦቱን (ለደንበኛ በራሱ መልስ የሚሰጠውን ፕሮግራም) የሠራው ፕሮግራመር፣ የደህንነት ካሜራ የገጠመው ድርጅት ሁሉ ይጠየቁ። ፊት የሚለይ ካሜራ ተገጥሞላችሁ ሳታውቁት ሊሆን ይችላል።

ለእያንዳንዱ መሣሪያ አንድ መስመር ያዙ። አምስት ነገር ይጻፍበት፤ መሣሪያው ምንድን ነው፣ ምን ይሠራል፣ የማን መረጃ ይገባበታል፣ ውጤቱን ከሰው ወገን ማን ያያል፣ ከመቼ ጀምሮ ነው። አራተኛውን ስትሞሉ ስም ጻፉ። «የሚመለከተው ክፍል» ብላችሁ ከጻፋችሁ ማንም እያየው አይደለም ማለት ነው።

*ዝርዝሩ ባዶ ከሆነባችሁ፦* ሠራተኛው አላመናችሁም። ስም የማይጻፍበት ወረቀት በትኑና እንደገና ጠይቁ። አለቆች ቀድመው የራሳቸውን ቢናገሩ ሌላውም ይከተላል።

*ሻጩ አልናገርም ካለ፦* ሦስት ጥያቄ በጽሑፍ ላኩለት። መረጃችን የት ይቀመጣል? ማሽኑን ለማሠልጠን ትጠቀሙበታላችሁ? ስህተት ሲገኝ ማን ያስተካክላል? መልስ ካልመጣ፣ ሰው ላይ የሚወስን ሥራ በዚያ መሣሪያ አታሠሩ።

ደረጃ 2፦ መነገር ያለበትን ከማያስፈልገው ለዩ

ሁሉንም ነገር ማስታወቅ ጥሩ ይመስላል፤ ግን ጽሑፉ ሲበዛ ማንም አያነብም። ሦስት ቦታ ክፈሉት።

ሀ. ሰው ላይ የሚወስን ወይም ውሳኔውን የሚመራ። ብድር የሚያጣራ፣ የሥራ ማመልከቻ የሚደረድር፣ ፈተና የሚያርም፣ የራጅ ምስል የሚያነብ። ይህ የግድ ይነገራል፤ ውሳኔው ከመሰጠቱ በፊት፣ ለእያንዳንዱ ሰው።

ለ. ከሰው ጋር የሚያወራ ወይም ለሰው የሚታይ። ቻትቦት፣ የስልክ ድምፅ፣ በማሽን የተሠራ ፎቶና ቪዲዮ። ይህም ይነገራል፤ እዚያው በታየበት ቦታ።

ሐ. የውስጥ እገዛ። የፊደል ግድፈት ማረም፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ማሳጠር። ለየብቻው ማስታወቂያ አያስፈልገውም። በዓመት አንዴ በምታወጡት ዝርዝር ውስጥ ይግባ።

ሀ ይሁን ሐ ስትጠራጠሩ «ይህ ነገር ቢሳሳት አንድ ሰው ገንዘብ፣ ሥራ፣ ጤና ወይም ስም ያጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። አዎ ከሆነ ሀ ውስጥ አስገቡት።

እዚህ ላይ ቁሙ፦ በመናገር የማይስተካከል ነገር

ዝርዝሩን ስትሠሩ የሚያስደነግጥ ነገር ማግኘታችሁ አይቀርም። ለምሳሌ የታካሚ ካርድ ፎቶ ተነስቶ ነጻ ቻትቦት ውስጥ ይገባ ይሆናል፤ ወይም የደንበኛ መታወቂያና የደመወዝ ወረቀት ለትርጉም ተብሎ ይላካል። ይህን «እንጠቀማለን» ብሎ በመለጠፍ ሕጋዊ ማድረግ አይቻልም። መጀመሪያ አስቁሙት።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለስልጣን ነው። መረጃ የምትሰበስቡ ከሆነ ለምን ዓላማ እንደሆነ ለባለቤቱ የመንገር ግዴታ አለባችሁ። የጤና መረጃ ከሌላው የበለጠ ጥበቃ ይፈልጋል። መረጃ ወደ ውጭ አገር መላክም በአዋጁ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ሠራተኛችሁ ስልኩ ላይ ባለ ነጻ ቻትቦት ውስጥ የሚለጥፈው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ውጭ አገር ወዳለ ኮምፒውተር ይሄዳል። መረጃ አፈትልኮ ከወጣ ለባለስልጣኑ የማሳወቂያ ጊዜው 72 ሰዓት ነው። የሕግ አማካሪ ካላችሁ ይህን ክፍል አብራችሁ እዩ።

ደረጃ 3፦ ጽሑፉን ጻፉ

ጽሑፉ አራት ነገር ብቻ ይመልስ፦

1. ማሽኑ ምን ይሠራል?
2. የእኔን ምን መረጃ ያያል?
3. የሚወስነው ማን ነው?
4. ካልተስማማሁ ወዴት እሄዳለሁ?

አምስተኛ ነገር አትጨምሩ። ስለ ቴክኖሎጂው ጥራት፣ ስለ ድርጅቱ ራዕይ፣ ስለ ዘመናዊነት አንድም ቃል አይግባ።

የብድርና ቁጠባ ተቋም ብትሆኑ እንዲህ ብላችሁ አትጻፉ፦

«ተቋማችን የደንበኞችን እርካታ ለማሳደግ የላቁ የኤአይ መፍትሔዎችን በመተግበር ፈጣን የብድር ውሳኔ ይሰጣል።»

እንዲህ ጻፉ፦

«የብድር ማመልከቻዎን መጀመሪያ የሚያየው የኮምፒውተር ፕሮግራም (ኤአይ) ነው። የሚያየውም የቁጠባ ደብተርዎንና የቀድሞ ብድር አከፋፈልዎን ነው። ፕሮግራሙ ነጥብ ይሰጣል እንጂ አይወስንም። የሚወስነው የብድር ኦፊሰሩ ነው። ከተከለከሉ ምክንያቱን የመጠየቅና ሌላ ሰው ደግሞ እንዲያየው የማድረግ መብት አለዎት። መስኮት 3 ይምጡ ወይም በዚህ ስልክ ይደውሉ።»

ለሆቴል ቦት፦

«ጤና ይስጥልኝ። እኔ ሰው አይደለሁም፤ የሆቴሉ አውቶማቲክ መላሽ ነኝ። ስለ ክፍል ዋጋና ስለ ቦታ ልነግርዎ እችላለሁ። ክፍል መያዝና ገንዘብ መመለስ ግን የእንግዳ ተቀባይ ሥራ ነው። ሰው ለማነጋገር "ሰው" ብለው ይጻፉ።»

ቦቱን «ሰላም» ወይም «ቤቲ» ብላችሁ የሴት ስምና የሴት ፎቶ አትስጡት። ደንበኛው ልጅቷን አመሰግናለሁ እያለ ሲጽፍላት ቆይቶ በኋላ ሲያውቅ እንደተታለለ ይሰማዋል። ልክም ነው፤ ተታሏል።

ለክሊኒክ፦

«የራጅ ምስልዎን ሐኪሙ ከማየቱ በፊት ኮምፒውተር አይቶ አጠራጣሪ ቦታ ላይ ምልክት ያደርጋል። ውጤቱን የሚነግርዎ ሐኪሙ ነው። በኮምፒውተር እንዲታይ ካልፈለጉ ለካርድ ክፍል ይንገሩ፤ ሕክምናዎ አይጓደልም።»

የመጨረሻዋን ሐረግ ከመጻፋችሁ በፊት እውነት መሆኗን አረጋግጡ። አልፈልግም ያለ ታካሚ ሰልፍ መጨረሻ ላይ የሚጣል ከሆነ አትጻፏት።

*ከሁሉ በላይ የምትጠነቀቁት ዓረፍተ ነገር፦* «ውጤቱ በሰው ይረጋገጣል።» ቀላል ዓረፍተ ነገር ስለሆነች ሁሉም ይጽፋታል። ግን ውሸት ልትሆን ትችላለች። ከመጻፋችሁ በፊት ያንን የሚያረጋግጠውን ሰው ፈልጉና አጠገቡ ተቀመጡ። በቀን ስንት ማመልከቻ ያያል? ለአንዱ ስንት ደቂቃ አለው? ማሽኑ «አይሆንም» ያለውን «ይሆናል» ብሎ ያለፈበት ጊዜ አለ? አንድም ጊዜ ከሌለ፣ ወይ ማሽኑ አይሳሳትም፣ ወይ ሰውየው ማኅተም እየመታ ነው። ሁለተኛው ይበዛል። እንዲህ ከሆነ ሁለት ምርጫ አላችሁ። ለሰውየው ጊዜና ሥልጣን ስጡት፤ ወይም «የሚወስነው ማሽኑ ነው» ብላችሁ እውነቱን ጻፉ። ሁለተኛውን መጻፍ ካሳፈራችሁ የመጀመሪያውን አድርጉ።

*ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ፦* «ቦቱ ለሚሰጠው የተሳሳተ መረጃ ኃላፊነት አንወስድም» ብላችሁ አትጻፉ። የካናዳው አየር መንገድ ኤር ካናዳ ይህን መንገድ ሞክሮታል። ዘመድ የሞተበት መንገደኛ ስለ ቅናሽ ቲኬት ቦቱን ጠየቀ፤ ቦቱም ተጉዘህም ቢሆን በኋላ መጠየቅ ትችላለህ አለው። የድርጅቱ ደንብ ግን ይህን አይፈቅድም። ጉዳዩ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ለሚገኝ ዳኝነት ሰጪ አካል ሲቀርብ፣ አየር መንገዱ ቦቱ ለራሱ ቃል ራሱ ተጠያቂ ነው እስከማለት ደረሰ። በየካቲት 2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተፈረደበት፤ ወጪና ወለዱን ጨምሮ 812 የካናዳ ዶላር ገደማ እንዲከፍል ታዘዘ። ገንዘቡ ትንሽ ነው። ወሬው ግን ዓለምን ዞረ። የእናንተ ቦት የተናገረው የእናንተ ቃል ነው።

ደረጃ 4፦ በትክክለኛው ቦታና ሰዓት አስቀምጡት

መርሁ አጭር ነው፤ ሰውየው መረጃውን ከመስጠቱ ወይም መልሱን ከማመኑ በፊት ይወቅ። ከክልከላው ደብዳቤ ሥር በትንሽ ፊደል የተጻፈ ነገር አልተነገረም ነው የሚባለው።

*ቴሌግራም ቦት፦* የመጀመሪያው መልእክት ላይ። «ስለ እኛ» የሚል ቁልፍ ውስጥ አትደብቁት።

*አጭር መልእክት፦* በግዕዝ ፊደል ስትጽፉ አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ነው፤ ክፍተቱም ይቆጠራል። ስለዚህ እጠሩት፦ «መልሱን የጻፈው ኤአይ ነው። ሰው ለማነጋገር 4 ብለው ይመልሱ።» ይህ 40 እንኳን አይሞላም። ሲዳሙ አፎ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ እስከ 160 ይገባል፤ ትንሽ ሰፋ አድርጋችሁ ማስረዳት ትችላላችሁ።

*ፎርም፦* ከፊርማው በላይ። ከሥር ወይም ከጀርባ አይሁን።

*መስኮት፦* አንድ ገጽ፣ ትልቅ ፊደል፣ ተራ የሚጠብቀው ሰው ዓይን ትይዩ። ከገንዘብ ቤቱ መስታወት ላይ ከተለጠፉት አሥር ወረቀቶች መሃል አትለጥፉት።

*ስልክ፦* ድምፁ የማሽን ከሆነ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይናገር።

*ፎቶና ቪዲዮ፦* ጽሑፉን ምስሉ ላይ አትሙት። ፎቶው ከቻናሉ ወርዶ ሌላ ቦታ ሲለጠፍ ከሥሩ የነበረው መግለጫ ይቀራል፤ ምስሉ ላይ የታተመው ግን አብሮ ይሄዳል።

ስለ ፎቶ ጠንከር ያለ ነገር ልበል። ሆቴል ከሆናችሁ፣ በኤአይ የተሠራ የሐይቅ ዳር ክፍል ፎቶ ጭራሽ አትጠቀሙ፤ ምልክት ብታደርጉበትም። እንግዳው ከአዲስ አበባ ተነስቶ የሚመጣው ያንን መስኮት ብሎ ነው። ማሽኑ ሀዋሳ ሐይቅን ሲስል ዳር ዳሩን በረዶ የለበሰ ተራራ ሊደረድርበት ይችላል፤ ታቦርን የሚያውቅ ሁሉ ያዝንባችኋል። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሄዳችሁ በስልክ ብታነሱ፣ አባ ኮዳው ዓሣ አጥማጁን ከበው ሲጠብቁ የሚያሳይ እውነተኛ ፎቶ በነጻ ታገኛላችሁ። ግብረ ሰናይ ድርጅት ከሆናችሁ ደግሞ በማሽን የተሠራ የልጅ ፊት አሳይታችሁ ገንዘብ አትለምኑ። ለጋሹ ያንን ልጅ እንደረዳ አስቦ ነው የሚሰጠው።

ደረጃ 5፦ በሚገባው ቋንቋ፣ በሚገባው መንገድ

የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሲዳሙ አፎ ነው። ከተማው አማርኛም ይናገራል፤ ወላይትኛና ሌሎችም ይሰማሉ። ቢያንስ በሁለቱ ጻፉ። ከዚያ ደንበኞቻችሁ እነማን እንደሆኑ አይታችሁ ጨምሩ።

ይህን ጽሑፍ በኤአይ ተርጉማችሁ ሳታስነብቡ አትለጥፉ። ማሽኖቹ በጽሑፍ ብዙ ባልተሠራባቸው ቋንቋዎች ላይ ደካማ ናቸው። ስለ ማሽን ግልጽ ለመሆን የተጻፈ ወረቀት በማሽን ስህተት ሲሞላ ሰው ከዚያ በኋላ የምትሉትን አያምንም። ቋንቋውን ቤቱ የሚናገር ሰው ያንብበው፤ ይከፈለውም።

አሁን ሞክሩት። አምስት ሰው ፈልጉ። የድርጅቱ ሠራተኞች አይሁኑ። አንድ ባጃጅ ሾፌር፣ አንድ የገበያ ነጋዴ፣ አንድ ተማሪ፣ አንድ አዛውንት፣ አንድ ከኢንዱስትሪ ፓርክ የምትወጣ ሠራተኛ ብታገኙ ጥሩ ነው። አስነብቧቸው፤ ማንበብ ለማይችለው አንብቡለት። ከዚያ ወረቀቱን ተቀብላችሁ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ማን ነው የሚወስነው? ምንህን ያያል? ካልተስማማህ ምን ታደርጋለህ?

*ሁለት ሰው ካልመለሰ፦* ጥፋቱ የጽሑፉ ነው። የተደናገሩበትን ቃል አውጡና በራሳቸው አነጋገር ተኩት። «ገባህ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሰው ለይሉኝታ ሲል «አዎ» ይላል።

ደረጃ 6፦ መስኮት ላይ ያለውን ሠራተኛ አዘጋጁ

ወረቀቱን የሚያነበው ጥቂት ነው። ሌላው ሁሉ የሚጠይቀው መስኮት ላይ ያለውን ሰው ነው። ስለዚህ ጥበቃውን ጨምሮ ደንበኛ የሚያገኝ ሠራተኛ ሁሉ መልሱን ይወቅ። ግማሽ ቀን ይበቃል። አንዱ ደንበኛ፣ አንዱ ሠራተኛ ሆነው ይለማመዱ። እንዲህ፦

— ልጄ፣ ኮምፒውተሩ ነው አሉ የከለከለኝ?

— እማማ፣ ኮምፒውተሩ ደብተርዎን አይቶ ነጥብ ሰጠ። የከለከለው ግን ኦፊሰሩ ነው።

— ታዲያ ምን አጠፋሁ?

— ባለፈው ዓመት ሦስት ወር ቁጠባ አልገባም ይላል። ትክክል ነው?

— ኧረ አስገብቻለሁ! ደረሰኙ ቤት አለ።

— እንግዲያው ደረሰኙን ይዘው ይምጡ። ሌላ ሰው እንደገና ያየዋል። ስሜን ልጻፍልዎት፤ እኔን ይጠይቁ።

እዚህ ላይ ሠራተኛዋ ምን እንዳደረገች ልብ በሉ። ምክንያቱን ነገረች፣ ትክክል መሆኑን ጠየቀች፣ የሚቀጥለውን መንገድ አሳየች፣ ስሟን ሰጠች። «ሲስተሙ ነው» ብላ አላመለጠችም። ይህን ቃል ከመስኮታችሁ አጥፉት። ሰውን የሚያናድደው ከክልከላው በላይ እሱ ነው።

*ሠራተኛው መልሱን ካላወቀ፦* አይገምት። «አላውቅም፤ ጠይቄ እስከ ነገ እደውልልዎታለሁ» ይበልና ስልክ ይያዝ። ከዚያም ይደውል።

ደረጃ 7፦ ማሽኑ ሲሳሳት

መሳሳቱ አይቀርም። እዚህ አገር ሊያጋጥም ከሚችለው ስህተት አንዱ ሰዓት ነው። እንግዳው ቦቱን «ቁርስ ስንት ሰዓት ይጀምራል?» ይለዋል። ቦቱ በውጭ አቆጣጠር የተሞላውን 7 ሰዓት አይቶ «ጠዋት 7 ሰዓት» ይላል። ለእኛ ጠዋት 1 ሰዓት ነው መሆን የነበረበት። በሆቴል ቁርስ ቢያልፍ ያሳዝናል፤ በክሊኒክ ቀጠሮ ግን ሰው ሕክምናው ያመልጠዋል። ቀንም እንዲሁ ነው። መስከረም 15ን እንደ አውሮፓውያን ሴፕቴምበር 15 አድርጎ ካነበበው አሥር ቀን ያዛባል፤ የብድር መክፈያ ቀን ላይ ይህ ቅጣት ያመጣል። ስለዚህ ቦቱን ከመክፈታችሁ በፊት ሰዓትና ቀን ደጋግማችሁ ጠይቁት። ካልተስተካከለ ስለ ሰዓት እንዳይመልስ ዝጉበት።

ስህተት ሲገኝ ግን በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. አስቁሙ። ስህተቱ የት ድረስ እንደሄደ እስክታውቁ ያ አገልግሎት በሰው ይሠራ።

2. ማስረጃውን አስቀምጡ። ስክሪንሾት፣ ሰዓቱ፣ የተጠየቀውና የተመለሰው። ቶሎ ብላችሁ አትሰርዙ። የሰረዘ ሰው የደበቀ ይመስላል።

3. የተጎዱትን ፈልጉና ደውሉላቸው። ተመሳሳይ መልስ ያገኙትን ሁሉ፤ ቅሬታ ያቀረበውን ብቻ አይደለም። ይህን ደረጃ ብዙዎች ይዘሉታል፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።

4. የጠፋውን መልሱ። ቅጣት ከተቆረጠ ይመለስ። ቦቱ ቅናሽ ቃል ከገባ ቅናሹን ስጡ፤ ከዚያ ቦቱን አርሙ።

5. ስህተቱ በታየበት ቦታ ማረሚያ አውጡ። ቴሌግራም ላይ ከተሳሳታችሁ ቴሌግራም ላይ፤ እንዲህ፦

«ከሰኞ እስከ ረቡዕ አውቶማቲክ መላሻችን ለአንዳንድ ታካሚዎች የተሳሳተ የቀጠሮ ሰዓት ነግሯል። ስህተቱ የእኛ ነው። ስህተቱ ለደረሰባቸው እየደወልን ነው። ካልደወልንልዎ በዚህ ቁጥር ይደውሉ። ቀጠሮ እስክናሳውቅ ድረስ በሰው ብቻ ይያዛል።»

«በቴክኒክ ችግር ምክንያት ለተፈጠረው መጉላላት» የሚለውን የተለመደ ነገር አታስገቡ። ምን ተሳሳተ፣ መቼ፣ አሁን ምን እየተደረገ ነው የሚለው ብቻ ይበቃል።

6. ደረጃ 1 ላይ የሠራችሁት ዝርዝር ውስጥ መዝግቡት።

*ወሬው ቀድሟችሁ ፌስቡክ ላይ ከወጣ፦* ከአስተያየት ሰጪዎች ጋር አትከራከሩ። አንድ ግልጽ መልስ ጻፉ፤ ከላይ ሰክታችሁ አስቀምጡት። ያላጣራችሁትን «እያጣራን ነው፤ ነገ 10 ሰዓት እንመለሳለን» በሉ። ነገ 10 ሰዓት ባታጣሩም ተመለሱና ያላችሁበትን ተናገሩ። ቃል ገብቶ የውሃ ሽታ መሆን ከስህተቱ በላይ ይከፋል።

ደረጃ 8፦ በየስድስት ወሩ እዩት

በእያንዳንዱ ጽሑፍ ግርጌ ቀን ጻፉ፦ «መጨረሻ የታየው፦ ጥር 2018 ዓ.ም.» ቀን የሌለው ማስታወቂያ ቀለሙ እስኪለቅ ይሰቀላል። ስድስት ወር ሲሞላ ተጠሪው ዝርዝሩን ይዞ እየዞረ ይጠይቅ።

ከስድስት ወር በፊትም ቢሆን ወዲያው የምታድሱባቸው አጋጣሚዎች አሉ። አዲስ መሣሪያ ስትገዙ፤ ቀድሞ ያገዝ የነበረው መሣሪያ መወሰን ሲጀምር፤ አዲስ ዓይነት መረጃ ስትሰበስቡ፤ የሚያረጋግጠው ሠራተኛ ሲለቅ። አራተኛው በጣም ይረሳል። ኦፊሰሩ ለቆ ቦታው ሦስት ወር ባዶ ከሆነ፣ መስኮታችሁ ላይ «የሚወስነው ኦፊሰሩ ነው» የሚለው ወረቀት ለሦስት ወር እየዋሸ ነው።

መሣሪያውን መጠቀም ካቆማችሁ ማስታወቂያውን አንሱ። የተሰበሰበው መረጃ የት እንደገባም ተናገሩ፤ ተሰርዟል ወይስ ተቀምጧል? ተሰርዟል ከማለታችሁ በፊት ሻጩ መሰረዙን የሚገልጽ ደብዳቤ አምጡና ፋይሉ ውስጥ አያይዙት።